የመኪና ዊንች ኤሌክትሪክ መስመር እንደገና መዘርጋት፦ ከጎንደር ወደ ደምቢያና ወደ ስሜን ለምትነዱ

ክረምት ሲገባ የሚሰማው አቤቱታ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዊንቹ (የሰመጠ መኪናን በገመድ ጎትቶ የሚያወጣው መሣሪያ) ግቢ ውስጥ ሲሞከር ሽው እያለ ይዞራል። ቆላ ድባ መንገድ ላይ ጎማው መረሬ አፈር ውስጥ ሲሰምጥ ግን «ቀጭ፣ ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ባለቤቱም ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ዊንች ማፈላለግ ይጀምራል። ቆይ! አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የታመመው ከባትሪ እስከ ሞተር ያለው መስመር ነው፦ ቀጭን ኬብል፣ በመዶሻ የተጨመቀ ተርሚናል (የኬብሉ ጫፍ ማያያዣ)፣ በዛገ ቦዲ ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ።

ይህ መመሪያ ባለ 12 ቮልት ዊንች ለገጠማችሁ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ነው። ዕቃው ተሟልቶ ከቀረበ ሥራው አንድ ሙሉ ቀን አይፈጅም። ዕቃ ሳይሟላ መኪናውን አትፍቱ።

ከምንም በፊት፦ ቮልቱን ለዩ

ኮፈኑን ክፈቱ። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ባትሪውን በቴስተር ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። ሞተር አስነሱና እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከዚህ ካነሰ መጀመሪያ ዲናሞውን አሠሩ፤ የዊንቹ መስመር ይቆይ።

ሁለት ባትሪ ካያችሁ አትቸኩሉ። አንዳንድ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ናቸው። አይሱዙ የጭነት መኪና ላይማ የተለመደ ነው። 12 ቮልት ዊንች ለማሠራት ብላችሁ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ አትቅዱ። አንዱ ባዶ ይሆናል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። 24 ቮልት መኪና የሚፈልገው 24 ቮልት ዊንች ነው።

ደረጃ 1፦ ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ ወረቀት ላይ ሳሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። መዝለሉ ደግሞ በኋላ ያስከፍላል።

የተለመደው የዊንች ሞተር ላይ ሦስት ቡሎኖች አሉ፤ አጠገባቸው «ኤ»፣ «ኤፍ 1» እና «ኤፍ 2» የሚሉ ምልክቶች ተጽፈዋል። አራተኛው ከሞተሩ ሥር ወይም ከጎኑ የሚገኘው የኔጌቲቭ ቡሎን ነው። ኃይሉ ከባትሪ ፖዘቲቭ ተነስቶ ሶሌኖይዶቹ (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚያገናኙት ማብሪያዎች) ያሉበት ሳጥን ይገባል። ከዚያ በአንዱ «ኤፍ» ወደ ሞተር ይሄዳል፣ በሌላው «ኤፍ» ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፣ በ«ኤ» እንደገና ወደ ሞተር ይወርዳል። በመጨረሻ በኔጌቲቩ ወደ ባትሪ ይመለሳል።

ልብ በሉ፦ በሳጥኑና በሞተሩ መካከል ያለውን ርቀት ኃይሉ ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ሳጥኑን ከጭቃ ለማራቅ ብሎ ባትሪው አጠገብ መትከል ብልህነት ይመስላል። ኪሳራውን ግን አስሉት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለመዳብ ኬብል 0.0175ን በሜትር ርዝመቱ አባዙ። በመዳቡ ካሬ ሚሊሜትር አካፍሉ። ውጤቱን በአምፔር አባዙ። የምታገኙት መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው። 9,500 ፓውንድ፣ ማለትም 4,300 ኪሎ ገደማ የሚስብ ዊንች ሙሉ ጭነት ላይ 400 አምፔር አካባቢ ይወስዳል። እንግዲህ፦

ሳጥኑ ሞተሩ አጠገብ ሲሆን፦ ከባትሪ እስከ ሳጥን 1.5 ሜትር፣ ከሳጥን እስከ ሞተር ግማሽ ሜትር ሦስት ጊዜ፣ ኔጌቲቭ 2 ሜትር። ጠቅላላ 5 ሜትር። በ35 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ኬብል 1 ቮልት ይጠፋል። በ50 ካሬ 0.7፣ በ70 ካሬ 0.5።

ሳጥኑ ባትሪው አጠገብ ሲሆን፦ ግማሽ ሜትር፣ ከዚያ 1.5 ሜትር ሦስት ጊዜ፣ ኔጌቲቭ 2 ሜትር። ጠቅላላ 7 ሜትር። በዚያው 35 ካሬ 1.4 ቮልት ይጠፋል።

ይህ ኬብሉ ብቻ የሚበላው ነው። ደካማ ተርሚናሎች የሚጨምሩት ሌላ ነው። ባትሪው ራሱ በዚያ ጭነት ወደ 11 ቮልት ወርዶ ሳለ አንድ ቮልት ተኩል ተጨማሪ ማጣት ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ሳጥኑን ከፓራውልቱ ላይ አንስታችሁ ከፍ አድርጉት፤ ግን ከሞተሩ ከግማሽ ሜትር በላይ አታርቁት። ከራዲያተሩ ፊት፣ ከላይ በኩል የሚገኝ ደረቅ ቦታ ይበቃዋል።

ሞተሩ ላይ ሁለት ቡሎን ብቻ ካለ ዓይነቱ የተለየ ነው። ከሳጥን ወደ ሞተር የሚሄዱት ሁለት ኬብሎች ብቻ ናቸው፣ ኔጌቲቩም ሳጥኑ ላይ ይታሰራል። የውፍረቱ ነገር ያው ነው።

ሥዕሉን ስትጨርሱ የድሮውን አሠራር ከሁለት ወገን በስልክ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ኬብል ጫፍ ላይ ነጭ ናስትሮ ጠምጥማችሁ ስሙን ጻፉበት። በቀለም አትተማመኑ። የአንዱ አምራች ቢጫ የሌላው ጥቁር ነው።

ደረጃ 2፦ ኬብልና ተርሚናል መግዛት

50 ካሬ ግዙ። 70 ካሬ ካገኛችሁና ሳጥኑ ውስጥ መታጠፍ ከቻለ ደግሞ የተሻለ። ለትንሽ ዊንች 35 ካሬ ይሠራል። ከዚያ በታች አትውረዱ። 25 ካሬ በዚያው 5 ሜትር 1.4 ቮልት ይበላል።

የብየዳ ኬብል ጥሩ ምርጫ ነው። ክሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ንዝረትም ይችላል። ለቤት መስመር የሚሸጠው ወፍራም ክር ያለው ኬብል ግን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ተርሚናሉ ሥር መሰበር ይጀምራል።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገር ፈትሹ።

አንደኛ፣ መዳብ መሆኑን። ጫፉን ላጡና አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የሚያስተላልፈው የመዳቡን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ዋጋው ረከስ ያለ ኬብል ሲቀርብላችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱን። ላስቲኩን ሳይሆን መዳቡን ለኩ። የ35 ካሬ መዳብ ወደ 8 ሚሊሜትር ይጠጋል። የ50 ካሬ 9 ከምናምን ነው። ላስቲኩ ወፍራም የሆነ ቀጭን ኬብል «50 ነው» ተብሎ ይሸጣል።

ተርሚናሉ የኬብሉ ልክ ይሁን። ቀዳዳውም የቡሎኑ ልክ። ሰፊ ቀዳዳ ከመረጣችሁ የሚነካካው ስፋት ይቀንሳል፣ ይሞቃል።

ከዚህ ሌላ የምትፈልጉት፦ ቢያንስ 300 አምፔር ሳያቋርጥ የሚችል የባትሪ ማቋረጫ፣ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ፣ ኬብሉን የሚያለብስ የውሃ ጎማ፣ ማሰሪያ፣ ቫዝሊን፣ የሽቦ ብሩሽ። ለመኪና ሙዚቃ የተሠራ የ100 አምፔር ብሬከር ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ልክ ስትሰምጡ ያቋርጣል፣ ወይም ይቀልጣል።

ደረጃ 3፦ ባትሪውን ፍቱ

1. ሰዓት፣ ቀለበትና የአንገት ሐብል አውልቁ። በባትሪ ላይ ቁልፍ ወይም ቀለበት ካገናኘ በሰከንድ ይግላል።

2. መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ። ፖዘቲቩን ቀጥሎ። ስትመልሱ ተቃራኒው ነው፦ ፖዘቲቭ መጀመሪያ፣ ኔጌቲቭ መጨረሻ።

3. የተፈታውን ኔጌቲቭ ጨርቅ ጠቅልሉበትና አርቁት።

4. ባትሪው ሲሞላ ከቆየ ኮፈኑን ከፍታችሁ ጥቂት ጊዜ ጠብቁ። የሚወጣው ሃይድሮጅን በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ሲጋራ አጠገቡ አይታሰብም።

ለሳጥኑ መቀመጫ የሚበየድ ብረት ካለ አሁን አስበይዱ። ባትሪ እንደታሰረ ብየዳ ማስነካት የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

ደረጃ 4፦ ተርሚናል መጭመቅ

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ደረጃ ብቻ በጥንቃቄ የምትሠሩ ቢሆን ይህን ምረጡ።

1. ኬብሉን በቦታው ዘርግታችሁ ለኩ። መታጠፊያው ላይ ትንሽ ትርፍ ተዉ። ዊንቹ ሲስብ ፓራውልቱ ስለሚንቀሳቀስ የተወጠረ ኬብል ተርሚናሉን ይነቅላል።

2. ላስቲኩን የተርሚናሉ ጉሮሮ ልክ ላጡ። ክሮቹን አትቁረጡ። አምስት ስድስት ክር ከተቆረጠ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ላጡ።

3. የሚኮማተረውን ፕላስቲክ አሁን አስገቡ። ከጨመቃችሁ በኋላ አይገባም፤ ሁሉም የሚረሳው ይህን ነው።

4. በሃይድሮሊክ መጭመቂያ፣ የኬብሉ ቁጥር በተጻፈበት ጥርስ፣ ሁለት ቦታ ጭመቁ። መጭመቂያው የራሳችሁ እንዲሆን አያስፈልግም። የሕንፃ ፓኔል የሚገጥሙ ኤሌክትሪሺያኖች ዘንድ አይጠፋም። ኬብሉን ቆርጣችሁ፣ ጫፉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ውሰዱላቸው።

5. ተርሚናሉን በሞርሳ ይዛችሁ ኬብሉን በሙሉ ጉልበት ሳቡ። ትንሽ ከተንሸራተተ ቆርጣችሁ ጣሉት።

6. ፕላስቲኩን አሙቁና አኮማትሩ።

መዶሻና ፌሮ? አይሆንም። ውስጡ አየር ይቀራል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። በሊድ ብቻ ማጣበቅም አይበቃም። የተለመደው ሊድ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ከልክ በላይ የሞቀ ተርሚናል እዚያ ሊደርስ ይችላል፣ ያኔ ኬብሉ ከነጭነቱ ይወልቃል።

ደረጃ 5፦ ኬብሉን መዘርጋት

ከጭስ ማውጫው፣ ከፋኑ፣ ከቺንጊያውና ከመሪው ዘንግ አርቁት። በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎሚኒ አልብሱት። ፖዘቲቩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በውሃ ጎማ ሸፍኑት። በየ25 ሳንቲሜትሩ እሰሩት። ከደባርቅ በላይ ያለው ኮረኮንች ያልታሰረን ኬብል ከብረት ጋር እያሻሸ ይልጠዋል፣ የተላጠ ፖዘቲቭ ደግሞ እሳት ነው።

ኔጌቲቩን ቦዲ ላይ አትሰሩ። ከሞተሩ ኔጌቲቭ ቡሎን እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በአንድ ወጥ ኬብል ሂዱ። ውፍረቱ ከፖዘቲቩ እኩል ይሁን። «ፖዘቲቩን አወፍራለሁ፣ ኔጌቲቩ ግን ያው ብረት ነው» የሚባል ነገር አለ። ኃይሉ ሁለቱንም እኩል ይጠቀማል። በቀለምና በዝገት የተሸፈነ ሻንሲ ላይ 400 አምፔር መልቀቅ የመኪናውን ሌሎች ቀጫጭን ሽቦዎች ጭምር ያስጠብሳል።

ደረጃ 6፦ ማሰር

1. ቡሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበሩ አጽዱ።

2. ተርሚናሉ ከታችኛው ዳዶ ጋር በቀጥታ ይነካካ። ሮንዴላው ከላይ ነው የሚገባው። ሮንዴላ በመካከል ከገባ ኃይሉ በእሱ በኩል ለማለፍ ይገደዳል።

3. ስታጠብቁ ሁለት ቁልፍ ያዙ። አንዱ የታችኛውን ዳዶ ይይዛል፣ ሌላው የላይኛውን ያጠብቃል። በአንድ ቁልፍ ብቻ ካጠበቃችሁ ቡሎኑ ራሱ ይዞራል፣ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ማገናኛ ይሰብራል። ከዚያ በኋላ ሞተር መፍታት ሊኖርባችሁ ነው።

4. ከጠበቀ በኋላ ቫዝሊን ቀቡ። ከመጥበቁ በፊት አይደለም።

ማቋረጫውን በፖዘቲቩ ላይ፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ ግጠሙት። በባትሪና በማቋረጫው መካከል ያለው ቁራጭ ምንም መከላከያ የለውም፣ ስለዚህ አጭርና በጎማ የተሸፈነ ይሁን። ኮፈን ተከፍቶ እጅ ወዲያው የሚደርስበት ቦታ ምረጡ። የ500 አምፔር ፊውዝ ካገኛችሁ ጨምሩ፤ ባታገኙ ግን ያለ ማቋረጫ አትውጡ። ምክንያቱ ሶሌኖይድ ነው። ቮልት ሲያንሰው ውስጡ ያለው መገናኛ ብልጭ ድርግም እያለ ይጣበቃል። ያኔ ሪሞቱን ብትለቁትም ዊንቹ አይቆምም። ገመዱ መንጠቆውን እስኪሰብር ይስባል። የሚያቆመው ያ ማቋረጫ ብቻ ነው።

ዊንቹ በማይሠራበት ጊዜ ሁሉ ማቋረጫው ይዘጋ፣ ማለትም መስመሩ ይቋረጥ።

ደረጃ 7፦ መቆጣጠሪያ ከጋቢና (ለፈለገ)

የሶሌኖይዶቹ ጠመዝማዛ የሚወስደው ጥቂት አምፔር ነው። 2.5 ካሬ ሽቦና 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃሉ። ኃይሉን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚመጣ መስመር ቅዱ፤ ልጆች መኪና ውስጥ መጫወት ይወዳሉ። ማብሪያው ሲለቁት ራሱ ወደ መሐል የሚመለስ ዓይነት ይሁን። ተጭኖ የሚቀር ማብሪያ በነፃ ቢሰጧችሁም አትግጠሙ።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

መጀመሪያ ያለ ጭነት። የዊንቹን ክላች ነፃ አድርጉና ገመዱ እንዳይዞር አድርጋችሁ የዊንቹን ሞተር ለአፍታ ብቻ አስነሱት። ድምፁ እኩል ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩ። ከዚያ ክላቹን መልሳችሁ «ሳብ» ስትሉ መሳቡን፣ «ልቀቅ» ስትሉ መልቀቁን አረጋግጡ። ከተገላበጠ «ኤፍ 1» እና «ኤፍ 2» ላይ ያሉትን ኬብሎች አቀያይሩ። ባለ ሦስት ቡሎን ሞተር ላይ የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማገላበጥ አቅጣጫ አይቀይርም። በቦዲው በኩል አጭር ዙር ብቻ ይፈጥራል።

ቀጥሎ በጭነት። ከአዘዞ ወጣ ብላችሁ ትራፊክ የሌለበት ለስላሳ ዳገት ፈልጉ። ገመዱን ሌላ ከባድ መኪና ላይ ወይም በሰፊ ቀበቶ ጠንካራ ዛፍ ላይ እሰሩ። የቤተ ክርስቲያን ጥድ ላይ አይሆንም፤ ቅርፊቱም ይላጣል፣ ነገሩም አያምርም። ከበሮው ላይ ቢያንስ አምስት ዙር ገመድ ይቅር። ገመዱ መሐል ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ጣሉበት። ጓንት አድርጉ። ማንም ሰው ገመዱ አጠገብ ወይም በገመዱ አቅጣጫ አይቁም።

የቴስተሩን ሽቦዎች ዊንቹ ከመነሳቱ በፊት እሰሩና ከጎን ሆናችሁ አንብቡ፦

ከባትሪ ፖዘቲቭ ጫፍ እስከ ሳጥኑ መግቢያ፦ ዊንቹ እየሳበ ከ0.5 ቮልት አይበልጥ።

ከሞተሩ ኔጌቲቭ ቡሎን እስከ ባትሪ ኔጌቲቭ፦ ይህም ከ0.5 አይበልጥ።

የባትሪው ሁለት ጫፎች፦ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም፣ ባትሪው ደክሟል።

ከሙከራው በኋላ ማቋረጫውን ዝጉና እያንዳንዱን ተርሚናል በእጃችሁ ዳስሱ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሞቀ እሱ ላይ ተመለሱ። የሚለካ መሣሪያ ባይኖራችሁም ይህ ዳሰሳ ብዙ ይናገራል።

በሥራ ላይ ስትሆኑ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ይሁን። ሆኖም ዲናሞው ያድነኛል አትበሉ። 400 አምፔር ለ1 ደቂቃ ሲወሰድ 6.7 አምፔር-ሰዓት ይወጣል። የ80 አምፔር ዲናሞ በዚያች ደቂቃ የሚመልሰው ቢበዛ 1.3 ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አትሳቡ፤ አሳርፉት፣ ባትሪው ይሙላ። ጭነቱ ከባድ ከሆነ ፑሊ ተጠቀሙ። ገመዱ በፑሊ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ የዊንቹ ሸክም በግማሽ ይቀንሳል፣ አምፔሩም ይወርዳል። ገመዱን ብዙ መልቀቅም ይረዳል። ከበሮው ላይ ድርብርቡ በበዛ ቁጥር የመሳብ ኃይሉ ያንሳል።

ሳይሳካ ሲቀር

«ቀጭ» ይላል፣ አይዞርም። ሲጫኑ የሳጥኑን መግቢያ ቮልት ለኩ። እዚያው ከወደቀ ችግሩ ከባትሪ እስከ ሳጥን ነው። መግቢያው ደህና ሆኖ ወደ ሞተሩ ካላለፈ ሶሌኖይዱ ነው።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል። ሪሞቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሶኬቱን ክፈቱ። የደምቢያ ጭቃ እዚያ ውስጥ ደርቆ ይገኛል። ከተጸዳ በኋላም ካልሠራ የዚያኛው አቅጣጫ ሶሌኖይድ ሞቷል።

በሁለቱም አቅጣጫ ምንም ድምፅ የለም። ማቋረጫውን፣ የመቆጣጠሪያውን ፊውዝና የሳጥኑን ቀጭን ኔጌቲቭ ሽቦ በዚሁ ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ያቺ ቀጭን ሽቦ ሳጥኑ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ተረስታ ትቀራለች።

አልቆም አለ። ማቋረጫውን ዝጉ። ሳጥኑን መታ መታ በማድረግ የተጣበቀው ሊለቅ ይችላል። ለቀቀ ብላችሁ ግን ሥራ አትቀጥሉ። ሶሌኖይዱን ቀይሩ፣ ከዚያ ቮልቱ ለምን እንዳነሰ ፈልጉ።

ዊንቹ ሲስብ የመኪናው ሞተር ይጠፋል ወይም የዳሽቦርዱ መብራቶች ይንቦገቦጋሉ። ኔጌቲቩ ቦዲ ላይ የቀረ ነው ወይም ባትሪው አንሷል። ጋዝ ሰጥታችሁ ዙሩን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ስትመለሱ ኔጌቲቩን እንደገና ለኩ።

ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ማቋረጫውን ዘግታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ደህና ከሆነ የሚበላው የዊንቹ መስመር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ውሃ የገባበት ሳጥን ወይም የጋቢናው ማብሪያ። ማቋረጫው ተዘግቶም ባዶ ካደረ ዊንቹን ተዉት፤ ሬዲዮውን፣ የጂፒኤሱን መስመርና የዲናሞውን ዲዮድ አስፈትሹ።